ፀሐይዋን ማን ቀመሳት?

አጋም በር ላይ የመጀመሪያው ጡሩንባ የሚነፋው ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ይሄኔ አህያ የጫነ ያራግፋል፣ ገብስ የሚያጭድ ማጭዱን ወገቡ ላይ ይሸጉጣል፣ ውሃ የምትቀዳ ጄሪካኗ ሞላም አልሞላም ታነሳለች። ሁለተኛው ሲነፋ ደጅ የሚቀር የለም። ከዚያ እስከ ምሽቱ አሥራ አንድ ተኩል ድረስ ያ ሁሉ የመንዝ ሜዳ ባለቤት የሌለው አገር ይመስላል። በየበሩ ድርብ የበግ ፀጉር ባና ይጋረዳል። ከቤት ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ ላዩ ቆርቆሮ፣ ጎንና ጎኑ ጭቃ ነው፤ ሰው በዚያ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ይመላለሳል። በጎቹ ዓይናቸው ላይ ቆዳ ታስሮላቸዋል። በርበሬ የሚደርቀው ምድጃ ላይ ነው፤ ለዚህ ነው የዛሬ ሰው በርበሬ በላሁ ሲል የበላው ቀለሙን ብቻ የሚሆነው።

እንዲህ ከሆነ አርባ ዘጠኝ ዓመት አለፈው። መሥሪያ ቤቱ «የኦዞን ሽፋን መሳሳት» ይለዋል። አጋም በር ግን «ነጠላው ሳስቶ ነው» ይላል። ሰማይ ነጠላ ለብሶ ነበር፣ ነጠላው ሳሳ፣ ፀሐይ በሳሳው በኩል ገብታ አቃጠለች። ከዚህ የበለጠ የሚያብራራም፣ ቁጭ ብሎ የሚሰማም የለም። በፀሐይ ጥላውን ሳያይ ያደገ ልጅ፣ የፀሐይ ጥላዋን የማታውቅ ልጅ አግብቶ፣ የፀሐይ ጥላ የሚባል ነገር መኖሩን ያልሰማ ልጅ ወልዷል።

እማማ ማስተዋል ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። ጠላ ጠማቂ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ያልቆጠሩትም የሚያስቆጥር ጠፍቶ እንጂ ጭንቅላት ጠፍቶ አይደለም፤ ይህን ሳይጠየቁ ይናገራሉ። የመንደሩ ሰው በተሸፈነው መንገድ እየተሽሎከለከለ ቤታቸው የሚመጣው በሁለት ምክንያት ነው፤ አንድም ለጠላው፣ አንድም የእማማ ምላስ በሌላ ሰው ላይ ሲወርድ ለመስማት።

ቤቱ ውስጥ አራት ሴቶች አሉ። ልጃቸው ውብዓለም አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቿ እንደ አሬራ ነጥተዋል፤ ቀኑን ሙሉ የበግ ፀጉር ትፈትላለች። የውብዓለም ልጅ ረድኤት በቅርቡ ወልዳለች፤ ባሏ ቆላ ወርዶ መንገድ በቆርቆሮ ይሸፍናል። አራተኛዋ የረድኤት ልጅ ሶልያና ናት፤ አራት ወሯ ነው። እማማ ማስተዋል «ሚጢ» ይሏታል። ሚጢ ስትጠባ ግንባሯን ላብ ያጠምቃታል። የእጆቿ አንጓዎች አብጠዋል። እርግብግቢቷ ሊጠብ ሲገባው ሰፍቷል። ባለፈው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ እንቅልፍ ላይ ሳለች፣ ተንቀጥቅጣ ዝም አለች።

ማክሰኞ ዕለት፣ ከመጀመሪያው ጡሩንባ በፊት፣ የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ፌቨን ጓንቷንና የፊት መከለያዋን እንዳጠለቀች ገባች። እጇ ላይ ወረቀት ነበር።

«እማማ፣ ደስ የሚል ነገር ይዤልዎት መጣሁ።»

«ደስ የሚል ነገር ከእናንተ ቤት በወረቀት መጥቶ አያውቅም» አሉ እማማ ማስተዋል። «በይ አንብቢው።»

ፌቨን አነበበች። የሰማዩ ሽፋን በማገገሙ ለሕፃናት ሲታደል የነበረው የአጥንት ጠብታ ከዚህ ወር ጀምሮ ቆሟል። በምትኩ ከስድስት ወር በታች ያሉ ሕፃናት በየቀኑ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ለአሥር ደቂቃ፣ ፊታቸው ከፀሐይ ዞሮ፣ ደጅ ፀሐይ ይሙቁ። መመሪያው ሌሎች ዕድሜዎችን አይመለከትም።

ረድኤት ልጇን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ውብዓለም እንዝርቷን አቆመች።

«ጠብታው እዚህማ ከጠፋ ቆየ፤ ከተማም የለም?» አለች ረድኤት።

«የትም የለም። ለሁሉም አንድ መመሪያ ነው።» ፌቨን ጓንቷን አውልቃ የሚጢን አንጓ ነካ ነካ አደረገች፤ ፊቷ ተቀየረ። «ረድዬ፣ ልዋሽሽ አልችልም። አጥንቷ ለስልሷል። የሚያንቀጠቅጣትም እሱ ነው። ፀሐይ ለማሞቅ ከአሥር ቀን በላይ አትጠብቁ። አንዱ መንቀጥቀጥ ሳይለቃት ከቀረ...» አልጨረሰችውም።

እማማ ማስተዋል «ማን ቀመሳት?» አሉ።

«ምኗን?»

«ፀሐይዋን ነዋ! እዚህ ቤት ስትጠጪ አላየሽም? ጠላ የቀዳ ሰው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ራሱ ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። ሳይቀምስ የዘረጋ እጅ ከኔ ቤት ጠላ ቀድቶ አያውቅም። እናንተ ለሚጢ ፀሐይ ቀድታችሁ መጣችሁ። ማን ቀምሷታል ነው የምልሽ።»

«ባለሙያዎቹ ለክተውታል፣ እማማ።»

«መለካትና መቅመስ ለየቅል ነው። የለካው ሰውዬ የራሱን ልጅ አውጥቷል?»

«እሱን አላውቅም።»

«አንቺስ? እጅጌሽን እስቲ ሰብስቢ።»

ፌቨን አንገቷን ደፍታ ሰበሰበች። ክንዷ ጓዳ ተረስቶ እንዳጎነቆለ ድንች ገርጥቷል። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ይህ ክንድ አንድ ቀንም ፀሐይ አላየም።

«መመሪያው ለሕፃናት ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«አዬ! መከላከያ የሌለውን አስቀድሙ ማለት ነዋ።»

ጡሩንባው ተነፋ። ፌቨን ወረቀቱን መደቡ ላይ ትታ፣ መከለያዋን አጥልቃ፣ በተሸፈነው መንገድ ሮጠች።

እማማ ማስተዋል ወረቀቱን አነሱት። ማንበብ ባይችሉም ወረቀት ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ወረቀት እዚያው በር ላይ አንድ ጊዜ መጥቶባቸዋል።

ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመታቸው ነበር፤ ውብዓለምን ወልደው ገና አራስ ናቸው። ልጅ ፀሐይ ይሞቃል፤ እናታቸውም እንዲህ አሳድጋቸዋለች። ቅቤ ቀብተው፣ ራቁቷን ጭናቸው ላይ አጋድመው፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርገው ያሞቋት ነበር። ልጅቷ ታለቅሳለች። ጎረቤት ሴቶች «ስታለቅስ አጥንቷ እየጠነከረ ነው» አሏቸው። እሳቸውም ሰዓቱን አስረዘሙት፤ ጠዋት ብቻ የነበረውን ጠዋትና ከሰዓት አደረጉት። ከብቶቹ ዓይናቸው ማልቀስ ሲጀምር ሰው ሁሉ የመስክ በሽታ ነው አለ። የራሳቸው ዓይን ማታ ማታ አሸዋ የተበተነበት ይመስል ነበር፤ ጭስ ነው አሉ። ልጅቷ በተወለደች በአርባኛው ቀን ዓይኗን ስትከፍት ብሌኑ ነጥቶ አገኙት።

መንደሩ የሚያውቀው ይህን ነው። ማንም አልነገራቸውም፣ ማንም አላወቀም፣ የዘመኑ እድል ነው። ውብዓለምም የምታውቀው ይህንኑ ነው። ከዚህ የተረፈውን እማማ ማስተዋል ብቻ ያውቁታል፤ ዓይናቸውን ሲከድኑም እሱን ነው የሚያዩት።

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ባናውን ገልጠው ወጡ። በርጩማቸውን ግቢው መሐል አኖሩ። ቀኝ እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰብስበው፣ የክንዳቸውን የውስጥ ቆዳ ወደ ፀሐይ ገልብጠው ተቀመጡ። ሣሩ ሰው ስላልረገጠው እስከ ጉልበት አድጓል። ድምፅ የለም። ወፍ እንኳ የለችም፤ ወፎቹ በቆርቆሮው ሥር መኖር ከጀመሩ ቆይተዋል።

የመንገዱ ግድግዳ ላይ ባለው ስንጥቅ ዓይን ተደረደረ። ጡሩንባ ነፊው ጋሽ ሽመክት ከተሸፈነው መንገድ ውስጥ ጮኸ።

«አንቱ ሴትዮ! ጡሩንባው አልተሰማዎትም?»

«ተሰምቶኛል። አርባ ዘጠኝ ዓመት ያው አንድ ዜማ፤ ሌላ አታውቅም?»

«ይቃጠላሉ እኮ!»

«ከተቃጠልኩ ይሸትሃል። ዝም በል አሁን፣ እያጣጣምኩ ነው።»

«የተፈቀደው ለሕፃን ብቻ ነው!»

«እንግዲያው ሕፃን ብለህ መዝግበኝ፤ ጥርስ እንደሆነ የለኝ።»

ከስንጥቁ ኋላ ሳቅ ተሰማ። እማማ ማስተዋል ግን አልሳቁም። ክንዳቸውን ከፀሐይዋ ጋር አስተካከሉ።

ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜ ወጡ። ማታ ማታ ረድኤት ፋኖስ አቅርባ ክንዳቸውን ታገላብጣለች። መቅላት የለም፤ ውሃ የቋጠረ የለም። እሑድ ከወጡበት ሳይመለሱ ከቤት ውስጥ የረድኤት ጩኸት መጣ። ሚጢ እንደገና ተንቀጥቅጣለች፤ ከንፈሯ ጠቁሮ፣ አንገቷ ወደ ኋላ ተቆልምሞ፣ መቶ እስኪቆጠር ድረስ አልለቀቃትም። ሲለቃት ደግሞ ማልቀስ እንኳ አቃታት።

ሰኞ ጠዋት፣ እማማ ማስተዋል በርጩማቸውን ሲያነሱ፣ ውብዓለም ከመደቡ ተናገረች።

«እማዬ፣ ተቀመጪ። ያንቺ ቆዳ የሰማንያ አራት ዓመት ጠፍር ነው። ቢቃጠልም አይናገር።»

«ሌላ በምን ልቅመስ ታዲያ?»

«እኔ አለሁ። ድሮ ባናው ሲገለጥ የገባች ብርሃን እንኳ ዓይኔን ከነካችው፣ ማታ አሸዋ ትበትንብኝ ነበር። እንደኔ የሚያውቃት የለም። ዓይኔን ገልጬ እቀመጥላታለሁ። ማታ አሸዋው ከመጣ ውሸት ነው፤ ካልመጣ እውነት ነው።»

«አትወጪም።»

«ከዚህ በላይ ምን ታደርገኛለች?»

«አትወጪም አልኩሽ!»

ውብዓለም እንዝርቷን አስቀምጣ በእጇ እየዳበሰች መጣች፤ የእናቷን ጉልበት አገኘችና ያዘችው። «እማዬ፣ ያኔ አንቺ አላወቅሽም። ማንም አልነገረሽም። እኔ ቂም ይዤብሽ አላውቅም። አሁን ግን ለዚች ልጅ ብለሽ ልቀቂኝ።»

የቂም አለመኖር ነው እማማ ማስተዋልን የሰበራቸው። ቢሰድቧቸው መልስ አያጡም ነበር።

«ውብዬ፣ ነግረውኝ ነበር።»

«ማን?»

«አንዲት የጤና ሴትዮ። ወረቀት ይዛ እዚሁ በር ላይ ቆመች። ልጅ ፀሐይ አታሙቁ፣ ሰማዩ ተበላሽቷል አለች። ሳቅሁባት። ፀሐይን በደብዳቤ ልትከለክሉ ነው ወይ አልኳት። ሰው ሰብስቤ ነው የሳቅሁባት። እያለቀሰች ሄደች። ያን ቀን ዓይንሽ ደህና ነበር። ጣቴን ሳንቀሳቅስ ትከተይው ነበር።»

ውብዓለም እጇን ከእናቷ ጉልበት ላይ አነሳች።

«ከዚያ በኋላ ስንት ቀን አሞቅሽኝ?»

«አሥራ አንድ።»

ከቆርቆሮው ሥር አንዲት ወፍ ተንጫጫች፣ ዝም አለች።

«ልጅ ሆኜ ጠይቄሻለሁ» አለች ውብዓለም። «አድጌም ጠይቄሻለሁ። ረድኤትን አርግዤ ሳለሁ፣ የሷም ዓይን እንዲህ ይሆን ብዬ ስፈራ፣ ጠይቄሻለሁ።»

«አዎ።»

«ማንም አልነገረኝም አልሽኝ።»

«አዎ።»

ውብዓለም ተነሳች። በሩን ለማግኘት እጇን የዘረጋችው ወደ እናቷ ትከሻ አልነበረም፣ ወደ ግድግዳው ነበር። ባናውን ገልጣ ብቻዋን ወጣች። እማማ ማስተዋል ከደጃፉ ኋላ ቆመው አዩዋት፤ ልጃቸው ሣሩ ውስጥ ቆማ፣ ፊቷን ወደ ምሥራቅ ቀና አድርጋ፣ ነጭ ዓይኖቿን አፍጥጣ። ከአርባ ዘጠኝ ዓመት በፊት በጭናቸው ላይ እንዳጋደሟት፣ በዚያው አቅጣጫ። ወረቀቱ ከሚለው ሦስት እጥፍ ቆየች። ማንም ግቢ አላላትም።

ያን ቀን ማታ አሸዋው አልመጣም። ማክሰኞ ደገመችው፤ አልመጣም።

ረቡዕ ከሁለተኛው ጡሩንባ በኋላ ፌቨን መጣች። በግልጹ ሜዳ ነው የመጣችው፤ መከለያም ጓንትም አላጠለቀች። ፊቷ በፍርሃት አመድ መስሏል።

«ልቅመስ ብዬ ነው» አለች።

«ስንት ቀን አሰብሽበት?» አሉ እማማ ማስተዋል።

«ስምንት።»

«አላረፈድሽም። እኔ አርባ ዘጠኝ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ፌቨን ከውብዓለም ጎን ተቀመጠች፤ የገረጣ ክንዷን ዘረጋች። ማታ ረድኤት በፋኖስ አየችላት። ክንዱ እንደነበረ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ፌቨን ተመልሳ መጣች። ውብዓለም ልብሷን ለበሰች፣ እጇን ታጠበች፣ ከዚያም ከሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እናቷ ዞረች።

«ልጅቷን የምይዘው እኔ ነኝ። አንቺ ከደጃፉ አትወጪም። አትነኪያትምም። ትቆጥሪያለሽ።»

«እኔ ሰዓት አለኝ» አለች ፌቨን።

«እሷ ትቁጠር።»

እማማ ማስተዋል ሰዓት ማንበብ አይችሉም። የጠላ ድፍድፍ የሚጠብቁት፣ ብቅል የሚያነሱት፣ ሁሉም በአባታችን ሆይ ነው። ሃያ አባታችን ሆይ በእርጋታ ከተባለ አሥር ደቂቃ ይሆናል፤ የፌቨን ሰዓትም ይህንኑ መሰከረ። ከማድጋው ሃያ የገብስ ፍሬ ቆጥረው ቀኝ መዳፋቸው ላይ አኖሩ። አንድ ጸሎት ሲያልቅ አንድ ፍሬ ወደ ግራ ይሻገራል።

ረድኤት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀመጠች። ውብዓለም ሚጢን ተቀብላ ወጣች፤ ፌቨን ክርኗን ይዛ መራቻት። የልጅቷን ጀርባ ለፀሐይ ሰጥታ፣ ፊቷን ወደ ምዕራብ አድርጋ፣ ጨርቋን ከትከሻዋ ላይ ገፈፈች። ያ የለሰለሰ ትንሽ ጀርባ በብርሃን ውስጥ ሲታይ እማማ ማስተዋል የበሩን መቃን ጨበጡ።

አንድ። ሁለት። ሦስት። ጋሽ ሽመክት በተሸፈነው መንገድ በር ላይ ቆሟል፤ ጡሩንባው እጁ ላይ ነው፤ ዛሬ አልጮኸም። ሰባት። ስምንት።

አሥረኛው ፍሬ ሲሻገር ሚጢ ጮኸች።

የረሃብ ለቅሶ አልነበረም። እማማ ማስተዋል ያን ድምፅ ያውቁታል፤ ጎረቤቶቻቸው የአጥንት መጠንከር ነው ያሉት ድምፅ ነው። እግራቸው ሳይታዘዝ ደጃፉን ተሻገረ።

«ትግባ! አስገቢያት!»

ውብዓለም አልዞረችም። «ስንተኛው ላይ ነሽ?»

«አሥራ አንደኛው... ውብዬ፣ ታለቅሳለች!»

«እሰማለሁ። ዓይን ነው እንጂ ጆሮ አልነሳሽኝም።» በአውራ ጣቷ የልጅቷን ዓይኖች ዳሰሰች፤ ጀርባዋን ከላይ እስከ ታች በመዳፏ ደባበሰች። «አልጋለችም። ብርዱ ነው፤ ራቁቷን ናት። እግርሽን መልሺና ቁጠሪ።»

እማማ ማስተዋል እግራቸውን መለሱ። ጸሎቱ የት ላይ እንደነበሩ ጠፋባቸው። ከመጀመሪያው ጀመሩት፤ በሰማይ የምትኖር እስኪሉ ድረስ ምላሳቸው፣ ያ ለማንም ያልሰነፈ ምላስ፣ ሦስት ጊዜ ተሳሰረ። አሥራ አንድ። አሥራ ሁለት። አሥራ አራተኛው ላይ ለቅሶው ቆመ። መቆሙ ደግሞ ከለቅሶው ባሰ።

«ምን ሆነች? ፌቨን፣ ምን ሆነች?»

«እያየች ነው» አለች ፌቨን።

ሚጢ በውብዓለም ክንድ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ሣሩ ታያለች። ሣሩ ላይ ረጅም ጥቁር ነገር ተኝቷል፤ ሁለት ሴቶችና አንድ ትንሽ ጭንቅላት። ጭንቅላቱ ሲነቀነቅ ጥቁሩም ይነቀነቃል። ሚጢ ያበጠ አንጓዋን ዘርግታ ልትይዘው ሞከረች። ጋሽ ሽመክት ዕድሜው ስድሳ ሆኖ በፀሐይ የራሱን ጥላ ካየ አርባ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ጡሩንባውን መሬት ላይ አስቀምጦ ጎንበስ ብሎ ያይ ጀመር፤ ግን ከቆርቆሮው ሥር አልወጣም።

«ሃያ!» አሉ እማማ ማስተዋል። «በቃ!»

ውብዓለም በዚያችው ቅጽበት ዞረች። አንዲት እርምጃ አላዘገየችም። ልጅቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ በግድግዳው እየተመራች ገብታ፣ ለረድኤት ሰጠቻት። እናቷን አልፋ ሄዳ መደቧ ላይ ተቀመጠችና ፈተለች።

ቀኑ አላልቅ አለ። ቤቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የልጅቷን ዓይን ይጠብቃል፤ ልጅቷ ግን ተኝታለች። ላብ የለባትም። አንድ ጊዜ ተንቀሳቀሰች፤ ሁሉም ዘለሉ፤ መገላበጧ ነበር። አንድ ቀን ፀሐይ አጥንት እንደማያቀና ፌቨን ነግራቸዋለች። ብዙ ቀን ያስፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ የሚሆነው አይታወቅም። ዛሬ የሚታወቀው አንዱ ብቻ ነው።

ከምሽቱ አሥራ አንድ ተኩል ጡሩንባው ሲነፋ ሚጢ ነቃች። ረድኤት ልጇን በሁለት እጇ ታቅፋለች። እማማ ማስተዋል ፋኖሱን በቀኝ እጃቸው አነሱት። ወደ ልጅቷ ፊት አቀረቡት፤ ወደ ግራ ወሰዱት። ዓይኗ ተከተለ። ወደ ቀኝ መለሱት። ተከተለ። ብሌኗ ጥቁር ነው፤ ውስጡ ትንሽዬ ፋኖስ በርቷል።

ረድኤት አለቀሰች። እማማ ማስተዋል አላለቀሱም።

«ተከተለች?» አለች ውብዓለም ከመደቡ።

«ተከተለች።»

እንዝርቱ ጥቂት ዞረ።

«ነገም እኔ ነኝ የምይዛት» አለች።

«እሺ።»

«አንቺም ትቆጥሪያለሽ። ከነገ ወዲያም።»

«እሺ፣ ልጄ።»

«ገብሱን የት አደረግሽው?»

እማማ ማስተዋል ያን ጊዜ ነው ወደ ግራ እጃቸው ያዩት። ከጠዋት ጀምሮ ተጨብጦ ነው የዋለው። ውሃ ሲጠጡ በቀኛቸው ነበር የጠጡት፤ አላስተዋሉትም። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ሲዘረጉ ሃያዎቹ ፍሬዎች በላባቸው ርሰው፣ ብቅል ሊሆኑ እንደተዘፈዘፉ ገብሶች አብጠው፣ መዳፋቸው ላይ ተጣብቀዋል።

«እጄ ላይ ነው» አሉ።